የሐኪሞቹ ሂሳብ፣ የፖታሹ ግብር፦ አለን ብሌክኒ በሳስካችዋን

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ አንድ ካናዳዊ ፖለቲከኛ ነው የማወራው፤ ስለ አለን ብሌክኒ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ሳስካችዋን ከካናዳ ፕሮቪንሶች (ክፍለ አገሮች) አንዷ ናት። ፖለቲካዋ ሲነሳ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው የቀድሞ መሪዋ ቶሚ ዳግላስ ነው፤ የካናዳ የመንግሥት ሕክምና አባት እየተባለ። ይገባዋል። ግን ንግግሩን ወደ ደረሰኝና ወደ ቼክ የሚቀይር ሰውም ያስፈልጋል፤ ብሌክኒን የምወደው ለዚህ ነው።

በ1925 ኖቫ ስኮሺያ ተወለደ፣ ሕግ ተማረ፣ ኦክስፎርድ ደርሶ ተመለሰ። በ1950 የሳስካችዋን ዋና ከተማ ሬጃይና የገባው ለምርጫ ሳይሆን ለመንግሥት ሥራ ነው። የፕሮቪንሱን የልማት ድርጅቶች በበላይነት በሚይዘው መሥሪያ ቤት ጸሐፊና የሕግ አማካሪ ሆነ፤ ቀጥሎ የአክሲዮን ሽያጭ ተቆጣጣሪ ኮሚሽንን መራ። በ1960 ተመርጦ ወዲያው የትምህርት ሚኒስትር፣ በዓመቱ ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትር ሲሆን፣ ፋይል ከየት ተነስቶ የት እንደሚቆም ያውቅ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ ሚኒስትር ብዙ ጊዜ የሚሸወደው በአዲስ ፕሮግራም የመጀመሪያ ዓመት ወጪ ነው። ሠራተኛው የሚቀጠረው ከመንፈቅ በኋላ ስለሚሆን ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በሁለተኛው ዓመት የሙሉ ዓመት ደመወዝ ሲመጣ በጀቱ ይናጋል።

አሁን ወደ ሕክምናው። ሳስካችዋን ከ1947 ጀምሮ የሆስፒታል መድን ነበራት። የቀረው የሐኪም ክፍያ ነበር። ሕጉ በኅዳር 1961 ወጣ፤ ሐምሌ 1 ቀን 1962 ሥራ ላይ ሲውል አብዛኞቹ ሐኪሞች ክሊኒካቸውን ዘጉ። አድማው እስከ ሐምሌ 23 ቆየ፤ ያን ቀን የሳስካቱን ስምምነት ተፈረመ። ብሌክኒ የጤና ሚኒስትርነቱን የተረከበው ከዚህ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነው። ፎቶግራፈሮቹ ሄደዋል፤ ሥራው ግን ገና መጀመሩ ነው።

ስምምነቱ ለሐኪሙ አራት መንገድ ከፈተለት። አንደኛው፣ ሂሳቡን በቀጥታ ለመድን ኮሚሽኑ ይልካል፣ ከሐኪሞች ማኅበር የዋጋ ዝርዝር 85 በመቶው ይከፈለዋል፣ ከታካሚው ምንም አይጠይቅም። ሁለተኛው ያው ነው፣ ግን ወረቀቱ በሐኪሞቹ ዘንድ በተለመዱት የግል የሕክምና መድን ድርጅቶች በኩል ያልፋል። በሦስተኛው ሐኪሙ ታካሚውን ራሱን ያስከፍላል፤ ታካሚው ደረሰኙን ይዞ ከኮሚሽኑ ያስመልሳል። አራተኛው ከመድኑ ውጭ፣ ሙሉ በሙሉ በግል መሥራት ነው።

ሁለተኛውን መንገድ ሳየው ይገርመኛል። ገንዘቡ የመንግሥት ነው፤ ድርጅቶቹ ፖስተኛ ናቸው። ሆኖም "የመንግሥት ተቀጣሪ አይደለሁም" ለሚል ሐኪም ክብሩን ጠበቀለት። ችግር ያለው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ሐኪሙ ሙሉውን ዋጋ ካስከፈለ ኮሚሽኑ የሚመልሰው 85 በመቶውን ስለሆነ ልዩነቱ ከታካሚው ኪስ ይወጣል። 85 ግን ለሐኪሙ የሚመስለውን ያህል ኪሳራ አልነበረም፤ በፊት ከታካሚው ሳይሰበሰብ የሚቀር ሂሳብ ነበር፣ አሁን ቼኩ ይመጣል። የመድኑ መዋጮ በዓመት ለነጠላ ሰው 12፣ ለቤተሰብ 24 ዶላር ነበር። የብሌክኒ ፓርቲ በ1964 ሥልጣን ቢያጣም አሸናፊዎቹ ሊበራሎች መድኑን አላፈረሱትም።

በ1971 ብሌክኒ ከ60 መቀመጫ 45ቱን አሸንፎ የፕሮቪንሱ ፕሪሚየር (የመንግሥቱ መሪ) ሆነ። እዚህ ላይ ፖታሽ ይመጣል፤ የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ ነው፣ በእኛም አገር ዳሎል አካባቢ አለ። ዋጋው ሲንር መንግሥት በ1974 አዲስ ግብር ጣለ፤ ኩባንያዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። ነገሩ የሚያጠነጥነው በአንድ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ላይ ነበር፦ ፕሮቪንስ መጣል የሚችለው ቀጥተኛ ግብር ብቻ ነው። ከፋዩ ራሱ የሚሸከመው ቀጥተኛ ይባላል፤ ወደ ገዢ የሚያሻግረው ደግሞ ቀጥተኛ ያልሆነ። ማዕድኑ በብዛት ወደ ውጭ የሚሸጥ ከሆነ ዳኛ የትኛው ነው ሊል እንደሚችል ገምቱ። ፕሮቪንሱ በነዳጅ ዘይት ላይ በጣለው ግብር ጉዳይ በ1977 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደበት። በ1978 ደግሞ ፕሮቪንሱ ለፖታሽ ምርት ያወጣውን ኮታ ሻረው።

ብሌክኒ እነዚህን ፍርዶች ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። በ1975 መገባደጃ መንግሥት ማዕድን ማውጫዎችን እንደሚገዛ አስታወቀ። የ1976ቱ ሕግ በግድ የመውሰድ ሥልጣን ሰጠው፤ ግን አንድም ማውጫ በግድ አልተወሰደም፣ ሁሉም በድርድር ተገዛ። በ1978 የመንግሥቱ ኩባንያ የፕሮቪንሱን የማምረት አቅም 40 በመቶ ገደማ ይዞ ነበር። ባለቤት ከሆንክ ግብሩ ቀጥተኛ ነው አይደለም የሚል ክርክር የለም፤ ትርፉ ራሱ ይመጣል።

የካናዳ ሕገ መንግሥት ድርድር ሲመጣ ቀዳዳውን ራሱን ለመድፈን ታገለ። አንቀጽ 92ሀ ፕሮቪንሶች በተፈጥሮ ሀብት ላይ ማንኛውንም ዓይነት ግብር እንዲጥሉ ፈቀደ። ሚያዝያ 17 ቀን 1982 ታወጀ። ሚያዝያ 26 በተደረገው የፕሮቪንሱ ምርጫ ደግሞ ብሌክኒ ከ64 መቀመጫ 9 ብቻ ቀረው። በእኔ ግምት ድምፁን ያሳጣው ሂሳብ ማወቁ ራሱ ነው። የቤት ብድር ወለድ ሰማይ በነካበት ዓመት እሱ የተጠራቀመውን የሀብት ፈንድ ይቆጥር ነበር፤ ተፎካካሪው ግራንት ዴቫይን የቤንዚን ግብር አነሳለሁ፣ የብድር ወለዱን 13.25 በመቶ ላይ አቆማለሁ አለ። ምርጫው ሊደርስ ሲል አድማ የመቱ የሆስፒታል ሠራተኞችን በሕግ ወደ ሥራ መመለሱም የራሱን ደጋፊዎች አስቀየመ።

እስከ 1987 ተቃዋሚውን መራ፤ በ2011 አረፈ። የፖታሽ ኩባንያው ከ1989 ጀምሮ ለግል ተሽጦ፣ በ2018 ከአግሪየም ጋር ተዋህዶ ዛሬ ኑትሪየን ይባላል። ሳስካችዋን ግን በ92ሀ ያገኘችው የግብር ሥልጣን አሁንም በእጇ ነው።