ከማጠፊያው ወዲህና ወዲያ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ከባሕር ዳር ጋራዦችና ብረታ ብረት ቤቶች ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ የእጅ ባለሙያዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

አዳራሹ ኋላ ላይ የቆመችውን ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ስትገቡ አይታችኋታል። ሞተሯን የነካካው ብዙ ነው፤ ፕሮፔለሯ ሥር ቆሞ ፎቶ የተነሣም አልጠፋም። ክንፏ ጫፍ ላይ፣ የኋላ ጠርዟ ላይ ከሚታጠፈው ኤይለሮን ፊት ወጣ ብሎ ስለታሰረው እርሳስ ስለሚባለው ከባድ ብረት ግን የጠየቀኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ አውሮፕላን ቀላል መሆን የለበትም እንዴ? ይህን ክብደት ምን አመጣው?» አለኝ። ዛሬ የምናገረው ለእሱ ጥያቄ መልስ ነው።

አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብለው ኤይለሮን፣ አፍንጫውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ኤሌቬተርና ወደ ግራ ወደ ቀኝ የሚያዞረው ራደር ከክንፉና ከጭራው ጋር በማጠፊያ የተያያዙ አካላት ናቸው። አብዛኛው ላሜራቸው ከማጠፊያው ኋላ ስለሚውል ክብደታቸውም ወደ ኋላ ያደላል። መሬት ላይ ይህ ምንም ጣጣ የለውም። አየር ላይ ግን ክንፍ ጠንካራ ቢመስልም ይለመጣል፣ ይመለሳል። ነፋስ ድንገት ወደ ላይ ሲገፋው፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላ ኤይለሮን ክንፉን እኩል አይከተለውም፤ የኋላ ጠርዙ ወደ ታች ይቀራል። ጠርዙ ወደ ታች የወረደ ኤይለሮን ደግሞ ሥራው ክንፍ ማንሣት ነው። ስለዚህ ወደ ላይ የሄደውን ክንፍ ይባስ ይገፋዋል። ክንፉ ሊመለስ ሲል ኤይለሮኑ አሁንም ይዘገይና ወደ ላይ ቀርቶ በተራው ወደ ታች ይጫነዋል። በእያንዳንዱ ምልልስ ከሚያልፈው አየር ጉልበት ይቀበላል። ይህን ፍላተር እንለዋለን። አንዴ ከተነሣ ክንፍ ለመገንጠል ሰከንዶች ይበቁታል፤ አብራሪው ምን እንደመጣበት እንኳ ለማወቅ ጊዜ ላያገኝ ይችላል።

መድኃኒቱ ከማጠፊያው ፊት ክብደት ጨምሮ የአካሉን የክብደት ማዕከል ማጠፊያው ላይ ወይም ትንሽ ከፊቱ ማምጣት ነው። ያን ጊዜ ክንፉ ሲነሣ ኤይለሮኑ አይቀርበትም።

እ.ኤ.አ. በ1916 እንግሊዞች ሀንድሊ ፔጅ የተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላናቸው ጭራው ክፉኛ ይንቀጠቀጥባቸው ነበር። ላንቸስተር የተባለ መሐንዲስ መርምሮ የግራውና የቀኙ ኤሌቬተር እየተቃረኑ እንደሚወዛወዙ ደረሰበት፤ ሁለቱ በጠንካራ ቱቦ እንዲያያዙም መከረ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፎን ባውምሃወርና ኮኒንግ የተባሉ ሆላንዳውያን ከማጠፊያው ፊት የሚጨመር ክብደት የኤይለሮንን ፍላተር እንደሚያስቀር አሳዩ። እንግዲህ ነገሩ ከታወቀ መቶ ዓመት አልፎታል። ሆኖም ዞዲያክ ሲ.ኤች. 601 ኤክስ.ኤል. የተባለው፣ ሰዎች ቤታቸው የሚገጣጥሙት አውሮፕላን ኤይለሮኑ ላይ እርሳስ አልነበረውም። በተደጋጋሚ አየር ላይ እየተሰባበረ ሰው ከገደለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከበረራ እንዲታገድ ጠየቀ። በኋላ በወጣው ማሻሻያ ክንፉ ሲጠናከር ኤይለሮኑም ማመጣጠኛ ክብደት ተጨመረለት።

አሠራሩን ላሳያችሁ። ኤይለሮኑ ከክንፉ ይፈታል። ጫፋቸው የተሳለ ሁለት አንግል ብረቶች ጠረጴዛ ላይ ቆመው በውኃ ልክ ይስተካከላሉ፤ የማጠፊያው ዘንግ ሁለት ጫፎች እነዚህ ስለቶች ላይ ያርፋሉ። በጣት ሲነኩት በነፃነት መወዛወዝ አለበት፤ ቆሻሻ ወይም ዝገት ከያዘው ሚዛኑ ይዋሻችኋል። በርና መስኮት ይዘጋ። እኛ ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ከቀትር በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ በግራም ለምንለካው ነገር ብዙ ነው።

ከዚያ ኤይለሮኑን አግድም አድርጋችሁ የኋላ ጠርዙን የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ላይ ታሳርፋላችሁ። 240 ግራም አሳየ እንበል። ጠርዙ ከማጠፊያው 25 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ 240 በ25 ሲባዛ 6,000 ይመጣል። እርሳሱ የሚታሰረው ከማጠፊያው 10 ሳንቲ ሜትር ፊት ከሆነ 6,000ን ለ10 አካፍሉ፦ 600 ግራም ነው። እርሳሱን የሚይዘውን ክንድ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ብታስረዝሙት 400 ግራም ይበቃችኋል፤ ግን የረዘመው ክንድ ራሱ መለመጥ የለበትም። ንድፍ አውጪው በፕላኑ ላይ ያስቀመጠው ልክ ይከበር። አንዱ ልክ ማጠፊያው ላይ ይላል፣ ሌላው ወደ ፊት እንዲያደላ ይፈልጋል። ከጎረቤት አውሮፕላን የተገለበጠ ቁጥር አይሠራም። የእርሳሱም ቦታ እንዲሁ ነው፦ ክንፉ አብዝቶ የሚንቀሳቀሰው በጫፉ በኩል ስለሆነ፣ ሥሩ ላይ የታሰረ እርሳስ ጠረጴዛ ላይ ልክ ሆኖ አየር ላይ ላያድን ይችላል።

እርሳሱን ከየት እናምጣ ትሉ ይሆናል። ጎሚስታ ቤት ጎማ ላይ የሚለጠፈው ማመጣጠኛ ለመሞከሪያ ጥሩ ነው፤ እየለጠፋችሁ እያነሣችሁ ልኩን ታገኛላችሁ። አሮጌ ባትሪ አቅልጦ እርሳስ ማውጣትን ግን ተዉት፤ ጭሱ መርዝ ነው። የመጨረሻው እርሳስ በብሎንና በማይላላ ዳዶ ይታሰር። ዳዶ ስል የማጋንን እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ሪኖ ላይ በአውሮፕላን እሽቅድምድም መካከል አንድ ፒ-51 የተባለ አውሮፕላን ተከስክሶ አብራሪውንና 10 ተመልካቾችን ገደለ። መርማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ የደረሱት ያረጁ ዳዶዎች ላይ ነው፤ ትሪም ታብ የሚባለው፣ የኤሌቬተሩ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለ ትንሽ ማስተካከያ፣ ብሎኖቹ ላልተው ታቡ ፍላተር ውስጥ ገብቶ ነበር።

አሁን ወደምጣላችሁ ጉዳይ ልግባ፤ ቀለም። ራደር ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ማየት ሁላችንም እንወዳለን፤ እኔም ጭምር። ግን ከሰንደቁ ሥር ስቱኮ አለ፣ ከስቱኮው ላይ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሞቹ፣ ከሁሉም በላይ ያ የምትወዱት ማብረቅረቂያ። ሁሉም ተደምሮ 100 ግራም ቢሆንና ማዕከሉ ከማጠፊያው 15 ሳንቲ ሜትር ኋላ ቢውል 1,500 ነው። እርሳሳችሁ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ፊት ላይ ከሆነ ይህ ጌጥ 300 ግራም እርሳስ ይጠይቃችኋል። ስለዚህ የሚታመነው ሚዛን ቀለሙ ከደረቀ በኋላ የተወሰደው ነው። ኋላ ለጥገና የምትቀቡት፣ የምትለጥፉት ስቲከር፣ የምትጨምሩት ሪቬት ሁሉ እንደገና ወደ ጠረጴዛው ይመልሳችኋል። ኤይለሮኑ ከሥሩ የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ የሐምሌ ዝናብ ራሱ ጠርዙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሚዛናችሁን ያፈርሰዋል።

አንዳንዶች የኤይለሮኑን ፊት ሰፋ አድርገው መሪው ሲቀል «ተመጣጠነ» ይላሉ። ያ የአየር ማመጣጠኛ ነው፤ የአብራሪውን ክንድ ያሳርፋል እንጂ ፍላተርን አያስቆምም።

ሌላው የከፍታችን ነገር ነው። አየር ማረፊያችን ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር በላይ ነው። ሙቀቱ 27 ዲግሪ በደረሰ ቀን አየሩ ስለሚሳሳ፣ የፍጥነት መለኪያው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 225 አካባቢ ነው። ፍላተር የሚያስበው ደግሞ በአብዛኛው እውነተኛውን ነው። ቫንስ የተባለው ኩባንያ ለአርቪ አውሮፕላኖቹ የማይታለፈውን ፍጥነት በእውነተኛ ፍጥነት የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ሌላ አገር፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው የነገራችሁን ፍጥነት እዚህ መለኪያው ላይ እያነበባችሁ አትሞክሩት።

የራደሩ ቀለም ገና እርጥብ ስለሆነ ዛሬ የምንመዝነው ኤይለሮኑን ብቻ ነው። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ወደ ጠረጴዛው ኑ። ሚዛኑን ራሳችሁ አንብቡ፣ ርቀቱን ራሳችሁ ለኩ፣ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ ከእኔ ጋር ካልገጠመ ተከራክረን እንደገና እንመዝናለን። አመሰግናለሁ።