ከሐይቁ ዳር ወደ በረሃ፦ የጥንት አንዲስ ሰፋሪዎች

(ምስል፦ ቡናማ በረሃ፣ በመሃሉ ቀጭን አረንጓዴ ሸለቆ)

ይህ የሞኬጉዋ ሸለቆ ነው። ደቡብ ፔሩ ውስጥ ይገኛል። ዙሪያው ዝናብ የማያውቀው በረሃ ነው፤ አረንጓዴ የሚታየው የወንዙ ውሃ የደረሰበት ቦታ ብቻ ነው። ከሸለቆው ዳር ኦሞ በሚባል ስፍራ የአንድ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ አለ። ከእኛው ኦሞ ጋር በስም ተገጣጠመ እንጂ ዝምድና የለውም።

ቤተ መቅደሱ የአካባቢው ሰው አሠራር አይደለም። የቲዋናኩ ነው። ቲዋናኩ የምትባለው ጥንታዊት ከተማ ደግሞ ያለችው ወደ 300 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በዛሬዋ ቦሊቪያ፣ ቲቲካካ ሐይቅ አጠገብ ነው። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 3,850 ሜትር ገደማ ይሆናል። ታዲያ የዚያ ደጋ ሰዎች እዚህ በረሃ ምን ፈልገው ወረዱ?

(ምስል፦ የቲቲካካ ሜዳ፣ ላማዎች ሲግጡ)

ነገሩ የሚጀምረው ከብርዱ ነው። የቲዋናኩ አገር ውርጭ ይመታዋል። ድንችና ኪኖዋ ይበቅላል፣ ላማና አልፓካ ይረባል። በቆሎ ግን ከጥቂት የተጠለሉ ቦታዎች በቀር አይሆንለትም። ጥጥ፣ ቃሪያና ኮካ የሚባለው የሚታኘክ ቅጠልማ ጭራሽ አይታሰብም።

በቆሎ ደግሞ ለሆድ ብቻ አልነበረም የሚፈለገው። ቺቻ የሚባለው መጠጥ የሚጠመቀው ከበቆሎ ብቅል ነው። ያለ ቺቻ ድግስ የለም። ያለ ድግስ ደግሞ አለቃ ሰው ጠርቶ ማሠራት አይችልም፤ እርሻውም፣ ግንባታውም፣ አምልኮውም የሚቆመው በግብዣ ላይ ነበር።

እኛ አገር ቢሆን ደገኛው ገብሱን፣ ቆለኛው ማሽላውን ይዞ ገበያ ላይ ይገናኛል። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ግን ሌላ መንገድ ነበራቸው። የራሳቸውን ሰው ወደ ቆላው ልከው ያሰፍሩ ነበር።

(ምስል፦ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የስፔን መዝገብ ገጾች)

ይህን አሠራር አጥርቶ ያሳየን ጆን ሙራ ነው። በ1916 ኦዴሳ ተወልዶ አሜሪካ የሠራ አንትሮፖሎጂስት ነው። (በዚህ ቪዲዮ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መነሻው የስፔን ሹማምንት ለግብር ብለው የመዘገቡት ቆጠራ ነበር፤ አንዱ በ1562 ዋኑኮ ላይ፣ ሌላው በ1567 ቲቲካካ ዳር ቹኩይቶ ላይ የተደረገ። ሉፓቃ የሚባሉት የቹኩይቶ ሕዝቦች ከሐይቁ ዳር እየኖሩ፣ ሩቅ ቆላ ላይ በቆሎና ጥጥ የሚያለሙ የራሳቸው ሰዎች ነበሯቸው። ወደ ቆላ የወረደው ሰው የትውልድ መንደሩ መብት አይነጠቅበትም፤ እዚያው ከዘመዶቹ ጋር ይቆጠራል። ሙራ በ1972 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ሽቅብ እንደተደረደሩ ደሴቶች አድርጎ ገለጸው።

ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን መዝገቡ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቲዋናኩ የገነነችው ከ500 እስከ 1000 ባለው ጊዜ ነው። ስለዚያ ዘመን የሚናገር ወረቀት የለም። መቆፈር ያስፈልጋል።

(ምስል፦ የቁፋሮ ቦታ፣ የተሰባበሩ ሸክላዎች)

ፖል ጎልድስታይን የሚባል አርኪዮሎጂስት በ1980ዎቹ ኦሞ ላይ መሥራት ጀመረ። ከቁፋሮው ኬሮ የሚባሉት የሚያማምሩ የቺቻ መጠጫዎች ወጡ። እኔን ያሳመነኝ ግን እነሱ አይደሉም። ያማረ ጽዋ በንግድ ይመጣል፣ በስጦታም ይመጣል። እዚህ ግን ተራው የወጥ ማሰሮ ሳይቀር እንደ ቲዋናኩ ነው። ማሰሮ ደግሞ ለታይታ አይሠራም። እናት ከእናቷ እንዳየችው የምትሠራው ነው።

ቢሆንም ጥርጣሬ ይኖራል። የሸለቆው ተወላጆች የትልቋን ከተማ ኑሮ እየቀዱ ቢሆንስ?

መልሱ ከሰዎቹ አጥንት መጣ። ዴቦራ ብሎም የራስ ቅሎቹን አጠናች። በዚያ ዘመን የሕፃን ጭንቅላት ገና ሳይጠና ታስሮ ቅርጽ ይይዝ ነበር። በሞኬጉዋ የቲዋናኩ መቃብሮች ያሉት ከፊትና ከኋላ የተጫኑ ናቸው። ከቲዋናኩ ከተማ ጎረቤት በሆነው በካታሪ ሸለቆ ደግሞ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ሾጠጥ ያለ ቅርጽ ይዘወተራል። ከተማዋ ውስጥ ሁለቱም አሉ። አንድ ልጅ የየትኛው ወገን እንደሆነ ገና ከርቀት ይታያል ማለት ነው።

ኬሊ ናድሰን ደግሞ ወደ ጥርስ ሄደች። በአለት ውስጥ ስትሮንቲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከአለት ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ሰብል፣ ከሰብል ወደ ሰው ይገባል። የጥርስ ኢናሜል የሚሠራው በልጅነት ነው፤ ከዚያ በኋላ አይለወጥም። ስለዚህ ሰው ያደገበት አገር አለት ጥርሱ ላይ ይቀራል። ሸለቆው ውስጥ ቼን ቼን በሚባለው መቃብር ከተቀበሩት ጥቂቶቹ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በቲቲካካ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቹ ግን ያደጉት እዚያው ሞኬጉዋ ነው። ይህ የሰፈራውን ሐሳብ አያፈርሰውም፤ እንዲያውም የሚጠበቅ ነው። ሰፋሪ ይወልዳል፣ ልጁም ቆላ ያድጋል።

(ምስል፦ ሴሮ ባውል፣ ጠፍጣፋ አናት ያለው ገደላማ ተራራ)

አሁን ነገሩ የሚጥምበት ቦታ ደረስን። የሞኬጉዋ ሰፋሪዎች ቲዋናኩዎች ብቻ አልነበሩም። ከሸለቆው ላይኛ ክፍል ሴሮ ባውል የሚባል አምባ አለ። እዚህ ላይ የከተሙት የቲዋናኩ ተፎካካሪዎች፣ ዋሪዎች ናቸው። የመጡት ከፔሩ ደጋ፣ ከአያኩቾ አካባቢ ሲሆን ጊዜውም በ600 ገደማ ነው። አምባው ላይ ውሃ የለም። ውሃው፣ እህሉ፣ እንጨቱ፣ ሁሉም በሰው ጀርባ ገደሉን መውጣት ነበረበት።

እነ ማይክል ሞዝሊ፣ ዶና ናሽና ራያን ዊሊያምስ እዚህ አናት ላይ የቺቻ መጥመቂያ ቤት አገኙ። በአንድ ጊዜ ወደ 1,800 ሊትር ያወጣ እንደነበር ይገምታሉ። ከወለሉ ላይ የሴቶች የነጠላ መርፌዎች ተገኝተዋል፤ ስለዚህ ጠማቂዎቹ ሴቶች፣ ያውም የተከበሩ ሴቶች እንደነበሩ ይታመናል። መጠጡ ውስጥ የሚገባው የሞዬ ፍሬ ነው። ሞዬን አዲስ አበባ ያደገ ሰው ያውቀዋል፦ ቅርንጫፉ ወደ ታች የሚንጠለጠለው፣ ቀያይ ጥቃቅን ፍሬ የሚያፈራው፣ ቁንዶ በርበሬ የምንለው የግቢና የመንገድ ዳር ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው።

ሁለቱ ኃያላን በአንድ ሸለቆ፣ በአንድ ወንዝ ላይ ለ400 ዓመት ያህል ኖሩ። ዋሪዎች ከላይ ሆነው ቦይ ቀድደው እርከን ያለማሉ፤ ቲዋናኩዎች ከታች ሜዳውን ያርሳሉ። ጦርነት ስለመደረጉ ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም።

ከ1000 ዓ.ም. ወዲህ ሁሉም ነገር ፈረሰ። ዋሪዎቹ አምባውን የለቀቁት በድግስ ነው። የመጨረሻውን ቺቻ ጠጡ፣ ቤቱን በእሳት ለቀቁት፣ ጽዋዎቻቸውን ነበልባሉ ላይ ሰባበሩ። ኦሞ ላይ ያለው ቤተ መቅደስም ሆን ተብሎ ፈርሷል። ያፈረሱት ጠላቶች ናቸው ወይስ ማዕከሉ ሲወድቅ የተቆጡ ሰፋሪዎች ራሳቸው? ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የመጡት ቱሚላካ የሚባሉት መንደሮች ሸክላቸውን በቲዋናኩ መልክ መሥራት ቀጥለዋል። ሕዝቡ አልጠፋም። የጠፋው ሥልጣኑ ነው።

ኢንካዎች በኋላ ይህንኑ ሰው የማስፈር ዘዴ በንጉሥ ትእዛዝ አደረጉት። ንጉሣቸው ዋይና ካፓክ በቆሎ እንዲያለሙ ብሎ 14,000 ሠራተኞችን ወደ ኮቻባምባ ሸለቆ አስገብቷል። የእነሱን ታሪክ በሚቀጥለው ቪዲዮ እናየዋለን።