ከግድግዳ የወረደው ሽመና

ሶስና፦ የዛሬው ውይይታችን ሽመና ከግድግዳ ወርዶ አዳራሽ መሀል ስለ ቆመበት ዘመን ነው። ዳዊት፣ ከፖላንዳዊቷ ማግዳሌና አባካኖቪች መጀመር የፈለግከው ለምንድን ነው?

ዳዊት፦ የቆየውን የሥራ ክፍፍል በገዛ እጇ ያፈረሰች ስለ ሆነች ነው። ኦቡሶንን በመሰሉ የፈረንሳይ የሽመና ከተሞች ሠዓሊው ንድፉን ያወጣል፣ ሸማኔውም ያንኑ እየተከተለ በድሩ መካከል ማግ ያሳልፋል። ይህን ሙያ ለማነቃቃት ብዙ የደከመው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ሉርሳ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ ለተጀመረው ቢየናሌም፣ ማለትም በየሁለት ዓመቱ ይካሄድ ለነበረው የሽመና ዐውደ ርእይ፣ ዋነኛ አቋቋሚው እርሱ ነው። አባካኖቪች በዚያው የመጀመሪያ ቢየናሌ ስትሳተፍ ግን ሠዓሊዋም ሸማኔዋም ራሷ ነበረች፤ ስለዚህም ቅርጹን እየሸመነች መወሰን ቻለች።

ሶስና፦ ከጠፍጣፋው ሥራ ያሻገራት ታዲያ ይህ ነጻነት ነው ወይስ ጥሬ ዕቃው?

ዳዊት፦ እኔ ለጥሬ ዕቃው አደላለሁ። ያገለገለ የወደብ ገመድ ሰብስባ፣ ፈትታና ቀለም ነክራ ትሸምነው ነበር። ቃጫ እንደ ሐር አይታዘዝም፤ ይወፍራል፣ ይከብዳል፣ ሲሰቀልም በራሱ ክብደት ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1969 የሠራችው «ቀዩ አባካን» (አባካን ከስሟ የወጣ የእነዚህ ሥራዎቿ መጠሪያ ነው) አራት ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሲሆን፣ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ተመልካቹ ዙሪያውን ይሄድበታል። መሀሉ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ አለው፤ ጠጋ ያለ ሰው የቃጫውን ሻካራነት በዓይኑ ብቻ ሊያውቀው ይችላል።

ሶስና፦ ነገር ግን ጠፍጣፋው ሥራ ያነሰ ደረጃ ተደርጎ ሲቆጠር አልስማማም። በ18ኛው መቶ ዘመን የተሸመነውና ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም የገባው የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ከአምስት ሜትር በላይ ይረዝማል። የሐሩ ድር ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ሰሌዳዎች ውስጥ አልፎ፣ ሰሌዳዎቹ በተዞሩ ቁጥር እየተጠመዘዘ የሰዎችን ምስል ያወጣል።

ዳዊት፦ እውነት ነው፤ ደግሞም መጋረጃ የግድግዳ ጌጥ አይደለም። መቅደሱን ከምእመናኑ የሚለየው እርሱ ስለ ሆነ፣ ጨርቅ ቦታን ሲከፍል የኖረው አባካኖቪች ከመወለዷ በፊት ነው። እርሷ የጨመረችው የጨርቁን ውፍረትና የራሱን አቋም ነው።

ሶስና፦ ከዚያ በኋላስ?

ዳዊት፦ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሽመናውን እየተወች ሄደች። «ጀርባዎች» በተባለው ሥራዋ ጆንያን በሙጫ አጠንክራ፣ ጭንቅላት የሌላቸው 80 የተቀመጡ ምስሎች አበጀች። ብዙዎች የሚያደንቁት ይህንኑ ነው፤ እኔ ግን ከአባካኖቹ አላስተካክለውም፤ እዚህ ጨርቁ የሰው ገላ ቅርጽ ይዞ ደረቀ፣ እዚያ ግን ቅርጹ የወጣው ከሽመናው ከራሱ ነበር።