80 ብለን 20480 ላይ የከፈትነው ሰርቨር

ክቡራን መምህራን፣ ውድ የዘንድሮ ተመራቂዎች፣

መምህሮቻችሁ ስለ ሥራው ዓለም ጠቅለል ያለ ነገር እንድነግራችሁ ጋብዘውኝ ነበር፤ እኔ ግን ይዤ የመጣሁት የሁለት ባይት ቅደም ተከተልን ነው። ፕሮግራሞችን በኔትወርክ የሚያገናኙ የሶኬት ፕሮጀክቶቻችሁን ስታቀርቡ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ስለነበርኩ ነገሩ ባዕድ አይሆንባችሁም።

ሥራ በጀመርኩበት መሥሪያ ቤት፣ ብሮውዘር በተለምዶ በሚያንኳኳው የበር ቁጥር፣ በፖርት 80፣ የሚያዳምጥ ሰርቨር በሲ ቋንቋ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ሰርቨሩንም ከእሱ ጋር የሚገናኘውን ክላየንትም እኔው ጻፍኩ፤ ተገናኙ፤ ተመሰገንኩ። በማግስቱ አንድ ባልደረባዬ በብሮውዘር ሊገባ ቢሞክር እንቢ አለው። ሁለት ቀን ሙሉ የኔትወርክ ክፍሉን ሰዎች «ፋየርዎል ዘግታችሁብን ነው» እያልን ስንወቅስ ከረምን። በሦስተኛው ቀን አንዲት ባለሙያ ትዕግሥቷ አልቆ መጣችና በእኔው ኮምፒውተር ላይ የተከፈቱ ፖርቶችን የሚያሳየውን ኔትስታት አስነሥታ፣ በጣቷ እየጠቆመች፣ «የእናንተ ሰርቨር ያለው 20480 ላይ ነው» አለችን።

80 በሁለት ባይት ሲጻፍ 0 እና 80 ነው። «መቶ ሃያ ሦስት» ስንል መቶውን እንደምናስቀድም ሁሉ ኔትወርኩም ትልቁን ባይት ያስቀድማል፤ የኢንቴል ፕሮሰሰር ግን በሜሞሪ ውስጥ ትንሹን ያስቀድማል። ባለ 16 ቢት ቁጥርን ከማሽኑ ቅደም ተከተል ወደ ኔትወርኩ የሚቀይረውን ኤችቶንስ የተባለ ፈንክሽን ሳልጠራ ያስገባሁት ቁጥር 80 እና 0 ተብሎ ተነበበ፤ 80 ጊዜ 256 ደግሞ 20480 ነው። ክላየንቴም ያንኑ ስሕተት ስለደገመ ሁለቱ ተግባቡ። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለርም ዝም አለ፤ ለእሱ ቢገለበጥም ባይገለበጥም ያው ባለ 16 ቢት ቁጥር ነውና። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን፣ በዩኒክስ ከ1024 በታች ያለ ፖርት በተለመደው አሠራር ያለ ሩት (የዋና አስተዳዳሪ) ፈቃድ እንደማይከፈት እያወቅሁ፣ ሰርቨሬ በተራ ተጠቃሚ ስም ያለ አንዳች ተቃውሞ ሲነሣ አለመጠርጠሬ ነው።

ላኪውንም ተቀባዩንም አንድ ሰው ጽፎ፣ ሁለቱንም በአንድ ላፕቶፕ አስነሥቶ «ሞክሬዋለሁ» ቢል ሙከራ አይባልም! ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም አንድ ሰው የሆነበት ችሎት ነው! «ዛሬ ማሽኑ ሁሉ ትንሹን አስቀዳሚ ነው፤ ምን አስጨነቀን?» የሚሉኝ አሉ። የእኔም ማሽን ትንሹን አስቀዳሚ ነበር፤ በኔትወርክ መልእክት መግቢያ ላይ ፖርቱን የሚይዘው የቲሲፒ ራስጌ ግን የማንንም ማሽን አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1980 የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳኒ ኮኸን ትልቁን ባይትና ትንሹን ባይት በሚያስቀድሙት ወገኖች መካከል ያለውን ጠብ ለማብረድ ሲጽፍ፣ ከየትኛው ቅደም ተከተል ይልቅ በአንዱ መስማማቱ እንደሚበልጥ ተናግሮ ነበር፤ ኢንተርኔቱ ከተስማማ ቆይቷል፣ ያልተስማማችሁት እናንተ ናችሁ! ደግሞስ ምን ያስወጣል? ትልቁን በሚያስቀድም ማሽን ላይ ኤችቶንስ ቁጥሩን እንዳለ ይመልሳል፤ በኢንቴል ላይም ከአንድ የፕሮሰሰር መመሪያ አያልፍም።

ለ32 ቢት ኤችቶንኤል እንዳለ፣ ከኔትወርክ ወደ ማሽን ሲመለስም ኤንቶኤችኤስና ኤንቶኤችኤል እንዳሉ ታውቃላችሁ። ከአራቱ አንዱም ለ64 ቢት አይሆንም። ስትራክትን፣ ማለትም የተለያዩ ዋጋዎችን የያዘ ጥቅል፣ እንዳለ ወደ ሶኬት መወርወርም ሌላ ጣጣ አለው፤ ለዛሬ ይቆየን።

ከገመገምናቸው ፕሮጀክቶች በሁለቱ ውስጥ ኤችቶንስ የሚባል አላየሁም፤ የማን እንደሆኑ አልናገርም። ከምሳ በኋላ ላብራቶሪው ክፍት ነው፤ አንዳችሁ የሌላችሁን ሰርቨር በብሮውዘር ሞክሩት።

አመሰግናለሁ።