ደለሉን ወዴት እንጣለው?

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የጣና ዳር ገበሬዎችና ባለ ታንኳዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ባልዲ ይዤ ስመጣ አይታችሁ ውሃ ሊረጨን ነው እንዳትሉ። ውስጡ ያለው ትናንት ከጀልባ ማቆሚያው የተዛቀ ደለል ነው። ቆንጠር አድርጋችሁ በጣታችሁ እሹት። አሸዋ የለውም፣ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ግልገሉ አባይ ግን ማደሪያ አለው፤ ጣና። ይዞት የሚያድረውም የሰከላንና የሜጫን አፈር ነው።

ይህን አፈር ጠርገን ዳር ላይ እንከምረዋለን፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ መልሶ ይከተዋል። ሥራ ከምለው ቅጣት ብለው ይቀለኛል።

አሜሪካ ውስጥ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ፣ ፖፕላር የምትባል ደሴት አለች። በፈረንጆቹ 1840ዎቹ ከ400 ሄክታር በላይ ነበረች፤ ማዕበል እየገመሰ በ1990ዎቹ ሁለት ሄክታር ገደማ አስቀራት። ከ1998 ጀምሮ ዙሪያዋን በድንጋይ አጠሩ፣ ከባልቲሞር ወደብ የመርከብ መንገድ የሚጠረገውን ደለል ሞሉባት፣ የረግረግ ሣር ተከሉባት። ዛሬ ወፍ ይሰፍርባታል፣ ኤሊ እንቁላል ይጥልባታል።

እኛም የጣናን ደለል ዳር ላይ እንዲሁ ሞልተን ደንገል እንዲመለስበት እናድርግ ነው የምለው። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ይጎድላል። ጣና ግን የሚሞላው መስከረም ላይ ነው፤ የሚጎድለው ክረምቱ ሊገባ ሲል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያለው ከፍታው ላይ ነው። ደለሉ ዝቅ ካለ ማዕበል ይወስደዋል። ከፍ ካለ ደግሞ፣ መቼም እንተዋወቃለን፣ ባሕር ሸሽ ነው፣ ውሃው የለቀቀው መሬት ነው ተብሎ በማግሥቱ ሽምብራ ይዘራበታል። ደንገል የሚወደው መስከረም ላይ ውሃ የሚተኛበትን፣ ግንቦት ላይ ሥሩ የማይደርቀውን ቦታ ነው። እንጨት ተክለን ሁለቱን ልክ በቢላ እናመልክት፤ ከዚያ በፊት አንድ አካፋ ደለል አይፍሰስ።

ደንገሉና ፊላው ሲመለሱ ቀረሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሦች የሚዋለዱበት ጥላ ያገኛሉ፣ ጎርፉም አፈሩን እዚያው ይጥላል። ግን ሁለት ክረምት ከብት አይግባበት። ሌላም አለ፦ የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይበቅላል። እምቦጭ ከነበረበት የተዛቀ ደለል ንጹሕ ወደሆነ ዳርቻ አይሂድ።

ለዘንድሮ የምለምናችሁ አንድ ቃዳ፣ ሩብ ሄክታር ገደማ ቦታ ብቻ ነው። ባለ ታንኳዎች፣ ድሮ ደንገል የምታጭዱበትን እናንተ አሳዩን። ባልዲውን ግን መልሱልኝ፣ የተዋስኩት ነው።