አክስቴን ፀሐይ ላይ ያቆምኳት ቀን

እሷ፦ እየቀዳ ነው? እሺ። እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ፒያሳ ነን፣ ከኋላ የምትሰሙት ጩኸት የማኪያቶ ማሽን ነው፣ ታገሱን። ወሬያችን የሰው ፎቶ ነው፣ ፖርትሬት። ካሜራ ለገዛም፣ ስልኬ ይበቃኛል ላለም። በል የአክስትህን ጉድ አውራ።

እሱ፦ ከሱ እንጀምር? ካሜራውን በገዛሁ ሳምንት ነው። እሁድ ከጊዮርጊስ ስትወጣ ጠበቅኳት። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ። 6 ሰዓት ገደማ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። "እዚህ ጋ ቁሚ፣ እዚህ ብርሃን አለ" አልኳት። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ነጠላው ደህና ነው፣ የጥለቱ ክር ሳይቀር ይቆጠራል፣ ፊቷ ግን የለም። ዓይኗ ያለበት ቦታ ሁለት ጉድጓድ። አሳየኋት። ዝም ብላ ብዙ አየችውና "ለለቅሶዬ ነው ያነሳኸኝ?" አለችኝ።

እሷ፦ (ሳቅ) ልክ ናቸው እኮ!

እሱ፦ ልክ ናት። ሁለት ነገር ነው ያበላሸሁት። አንዱ ፀሐዩ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው። በሚያዝያና በነሐሴ እንዲያውም ቀጥ ብሎ አናት ላይ የሚሆንበት ቀን አለ። ብርሃን ከላይ ሲወርድ ግንባርና አፍንጫ ያበራል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ከአፍንጫ ስር ደግሞ ጺም የመሰለ ጥላ ይሠራል።

እሷ፦ ለዛ ነው ሁሉም ሰው 11 ሰዓት ጠብቁ የሚለው።

እሱ፦ የቻለ ይጠብቅ። የ11 ሰዓት ብርሃን ቆንጆ ነው፣ ግን እዚህ አገር ጀንበር ቶሎ ነው የምትጠልቀው፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነህ ያልፍሃል። እኔ ጥላ ፈልጉ ነው የምለው። በረንዳ፣ የሱቅ በር፣ ምንም። ሰውዬውን ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገባው፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው፣ አንተ ደጅ ቆመህ አንሳ። ከኋላው ያለው ኮተት ሁሉ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ዓይኑን ብታየው ደግሞ የበሩ ብርሃን እንደ ትንሽ ነጭ ነጥብ ገብቶበታል። ያቺ ነጥብ ከሌለች ዓይን ሕይወት የለውም።

እሷ፦ ክረምት ላይስ?

እሱ፦ ደመና ካለ ሰማዩ በሙሉ መብራት ሆነልህ ማለት ነው። ሰዉ ክረምት ፎቶ አይሆንም ሲል ይገርመኛል። ዝናቡን ብቻ ጠብቅ።

እሷ፦ ሁለተኛው ጥፋትህስ?

እሱ፦ ካሜራውን ማመኔ። ካሜራ ነጠላ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያየውን ሁሉ መሃከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ነው የሚለካው፣ ስለዚህ ነጭ ሲበዛበት "ብርሃን በዛ" ብሎ ያጨልመዋል። ፊታችን ጠይም ነው፣ ጉዳቱ በሙሉ እዛ ላይ ያርፋል። ካሜራው ላይ ፕላስና ማይነስ የተጻፈባት ቁልፍ አለች፣ ወደ ፕላስ 1 አድርጋት። ስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ንካና አብዛኛው ላይ ጣትህን ወደ ላይ ስታንሸራትት ይፈካል። ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ይንጣ፣ ሰው የሚያየው ፊት ነው።

እሷ፦ እኔ ደግሞ የአፍንጫ ጥያቄ አለኝ። ጓደኛዬ በስልክ ስታነሳኝ ሁልጊዜ ድንች ታስመስለኛለች።

እሱ፦ ምን ያህል ትጠጋሻለች?

እሷ፦ እስከምትስመኝ ድረስ።

እሱ፦ እሱ ነው! ብዙ ሰው ሌንሱን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን የርቀቱ ነው። በጣም ስትጠጋ አፍንጫሽ ከጆሮሽ ይልቅ ለካሜራው በጣም ይቀርባል፣ ስለዚህ ይተልቃል። ሁለት ሜትር ያህል ትራቅና 2 እጥፍ ዙም ታድርግ። ካሜራ ያለው ሰው 50 ሚሊሜትር ሌንስ ይፈልግ፣ ኤፍ 1.8 የሆነችውን፣ ከሌሎቹ አንጻር ርካሽ ናት። ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ ግን ይጠባል። ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ክፍሉ፣ ትንሽ የሆነ የጀማሪ ካሜራ ላይ እንደ 80 ሚሊሜትር ሌንስ አቅርባ ታሳያለች፣ ለፊት የሚስማማው እሱ ነው። ግን ገና እንደገዛችኋት 1.8 ላይ አታንሱ፣ ሁሉም የሚሳሳተው እዛ ጋ ነው፤ ቀረብ ካልክ ሽፋሽፍቱ ጥርት ይልና ጆሮው ጭጋግ ይገባል፣ ራሱን ትንሽ ካዘነበለ ደግሞ አንዱ ዓይን ፎከስ ውስጥ ሆኖ ሌላው ይወጣል። 2.8 ይበቃሃል። ፎከሱን ለካሜራው የቀረበው ዓይን ላይ አድርግ።

እሷ፦ እሺ ይሄ ሁሉ ተስተካከለ እንበል። ሰውየው ግን እንጨት ሆኖ ይቆማል።

እሱ፦ በጉርድ ፎቶ አሳድገውን እኮ ነው። ፎቶ ቤት ገብተህ "አገጭህን ቀና፣ ትከሻህን ዝቅ፣ አትሳቅ"፣ ጠቅ፣ አለቀ። ካሜራ ሲያይ ሁሉም ሰው ለመታወቂያ የሚነሳ ነው የሚመስለው። አክስቴን በሁለተኛው ቀን ምንም አላልኳትም። በሯ ላይ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ቡና እየለቀመች ነበር፣ ሰፌዱ ጭኗ ላይ ነው። እኔ ደጅ ሆኜ "ኪሎው ስንት ገባ?" አልኳት። በቃ። ቀና ብላ መማረር ጀመረች፣ እጇ ፍሬዎቹ ላይ እንዳለ፣ አፏ ሊስቅ እንዳለ። ያኔ ነው ያነሳኋት።

እሷ፦ ወደዱት?

እሱ፦ አሳጥቤ በፍሬም ሰጠኋት። ሳሎን ሰቅላዋለች። "ይሄኛው ለለቅሶ ይሆናል" አለች።

እሷ፦ (ሳቅ) ዕድሜ ይስጣቸው! በል ሂሳቡን አንተ ክፈል፣ ልጁ ቆሞ እየጠበቀን ነው።