ከጣና ዳር ሆነን አብረን እንጠይቅ

የተከበራችሁ መምህራንና ተመራማሪዎች፣ ከዘጌና ከባሕር ዳር ዙሪያ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በሞቃታማ አገሮች የባሕር ጠረፍ፣ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ አለ። በሥሮቹ መካከል የዓሣ ጫጩት ያድጋል። ማዕበል ያበርዳል። የጠረፉ ሰውም ይተዳደርበታል። ጎጃም ባሕር የለውም፤ የጣና ሐይቅ ግን አለው። ለጣና ይህን ሥራ የሚሠራለት ደንገል የሚባለው ረጅም የውሃ ዳር ተክል ነው።

ደንገል ከወንዝ የሚመጣውን ደለል ይይዛል፣ ዓሣ ያስጠልላል። ታጭዶ ሲደርቅ ደግሞ በነዶ በነዶ ይታሰርና ታንኳ ይሆናል። ታንኳው ውሃ ስለሚጠጣ ባለቤቱ ከሐይቅ ሲመለስ ጎትቶ ያወጣና ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። በጣና ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ይህን ሙያ ከአያት ከቅድመ አያት ወርሰውታል። ከዘጌ ስንት እንጨት በታንኳ ባሕር ዳር ገብቷል!

እስቲ 1995 ዓ.ምን እናስታውስ። ዝናቡ አነሰ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት፣ በጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ በኩል ለኤሌክትሪክ ብዙ ውሃ ተለቀቀ። ሐይቁ ወረደ፣ መርከቦች ቆሙ። ገበሬው ውሃው የሸሸበትን መሬት አረሰ። ምን ያድርግ፣ መሬት ጠቦታል። ደንገሉም አብሮ ተጎዳ።

ታዲያ ይህ የማን ጥናት ነው? የውሃ መሐንዲሱ የሐይቁን ከፍታ ይለካል። የዓሣ ባለሙያው መረቡን ያያል። የመሬት ይዞታን የሚያጠናው ገበሬውን ያናግራል። ሁሉም ልክ ናቸው፣ ግን ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ታንኳ ሠሪው ደግሞ የሚጠየቀው መጠይቁ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጭም ያው ነው። ሕዝቡ ወጥቶ በእጁ ነቀለ፣ እግዜር ይስጠው። አረሙን የሚያወፍረው ግን ከላይ ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያም ጭምር ነው። ስለዚህ የሰብል ባለሙያውም ከእኛ ጋር ይቀመጥ።

የምለምናችሁ ይህንን ነው። ጥያቄውን አብረን እናውጣ። የመጀመሪያው ስብሰባ ሐይቁ ዳር ይሁን፣ ደንገል አጫጆችና ዓሣ አስጋሪዎች በሚመቻቸው ሰዓት። የሚያስተምሩን እነሱ ናቸውና አበላቸው እንደ እኛው በጀት ውስጥ ይግባ። ውጤቱንም ጆርናል ላይ ከመውጣቱ በፊት በአማርኛ እንንገራቸው፤ ተሳስታችኋል ካሉን ለማረም ጊዜ ይኖረናል።

አመሰግናለሁ።